የደላላው ልጅ መኪና ስትገዛ

እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። መጋረጃው ስስ ነው፣ የቀትሩ ፀሐይ በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት አልጋዋ ላይ ይረግፋል፣ ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት ቀን ጠብቃ ወለሏን በሚያጓራ ማሽን ትጠርጋለች፣ እሷ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ስታነጥፍና ሰው ስታገላብጥ አድራ፣ አገር ምድሩ በሚሠራበት ሰዓት ዓይኗን ለመክደን ትታገላለች። ፀሐይን አጥፉልኝ አይባል ነገር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳት ፀሐዩም ጎረቤቷም አይደሉም፤ አንድ የእንጨት በር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ የወጣችበት የሰው ግቢ በር። ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ይንሸራተታል፣ ልቧን ከኋላዋ ትታ ትራመዳለች፣ አሁን ይጠራኛል፣ አሁን፣ እስቲ ደግሞ የጫማዬን ማሰሪያ ላጥብቅ፣ አሁን። በሩን ከፈተች፣ ወጣች፣ መለስ ብላ ዘጋችው። የጠራት የለም።

ሌላ ሰው መኪና ሊገዛ ሄዶ ባዶ እጁን ቢመለስ ምን ይገርማል፤ እሷ ግን የደላላ ልጅ ናት። አባቷ ዕድሜውን የገፋው መኪና ተራ ነው፤ የሚሸጡ መኪኖች ግንባራቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸው ተሰልፈው ፀሐይ የሚሞቁበት ሜዳ። የተራው ሰዎች በስሙ ሲጠሩት አንድም ቀን አልሰማችም፣ “መላሹ” ነው የሚሉት፣ ተቆጥቶ የሄደ ገዢን እንደ እሱ የሚመልስ ስላልነበረ። ገዢ ይመጣል፣ መኪናውን ይዞረዋል፣ ጎማውን በጫማው ነካ ያደርግና “ይቺን ጣሳ ልታሳዩኝ ነው ከቤቴ ያስወጣችሁኝ?” ይላል፤ ባለቤቱ “ጣሳስ አንተ የመጣህባት” ይለዋል፤ ይሳሳቃሉ፣ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው የታመመ ያህል ልቡን ይይዝና ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። የሚሄደው ግን ቀስ ብሎ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት መልስ ገዢ ያጣ አንድ አሮጌ መኪና ውስጥ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ፣ ከገጹ ቀና እያለች ታያቸዋለች። አባቷ ሰውየውን እስከ አጥሩ ድረስ ያስኬደዋል፤ ከዚያ ነጠላ ጫማውን እያንጣጣ ይሮጣል፦ “ኧረ ጋሼ! ኧረ በእናትህ! እንዲህ ነው እንዴ የሚኮረፈው?” በዚያች ቅጽበት የሰውየው ትከሻ ከኋላ ላላ ሲል ይታያታል። ሰው እንዴት መጠራት ይወዳል! ለመጠራት ብቻ ብሎ የሚሄድ ስንት አለ። “ልጄ፣” ይላታል አባቷ ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ “የወደድሽውን ነገር አፍሽ ቀርቶ ዓይንሽ እንዳያመሰግነው። አጣጥዪው፣ ሂጂ፣ ትጠሪያለሽ።” ከልጅነቷ ጀምሮ ከሰው ፊት አንገቷን ለምትደፋ ልጅ ይህ ምክር እንዴት ተስማምቷት ነበር። መውደዷን መደበቅማ ማን ያስተምራታል፤ ከተወለደች ጀምሮ የምታውቀው ሙያ ነው።

መኪና አምሯት አይደለም። አለቃዋ ወደ ቢሮዋ አስጠርታ በፈገግታ ነገረቻት፤ የከተማው መጦሪያ ሊዘጋ ነው፣ ከከተማ ውጭ ባለው አዲሱ ቤት አንድ ቋሚ ቦታ አለ፣ የቀን ሥራ፣ ችግሩ አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። “መኪና አለሽ አይደል?” “ሊኖረኝ ነው” አለች፣ ከየት እንዳመጣችው ሳታውቅ። “እንግዲያው እስከ ሰኞ አሳውቂኝ፣ ካልሆነ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።” ቋሚ። ወደዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ቋሚ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የቤት ኪራይ ውሏ ጊዜያዊ፣ ሥራዋ ጊዜያዊ፣ የተኛችበት አልጋ እንኳ ቀን ታጥፎ ሶፋ የሚሆን። ቋሚ ቦታውን ካጣች የከተማው ቤት ሲዘጋ እሷም አብራ ትዘጋለች ማለት ነው። አሁን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜም እየመሸ ነው፣ አይ፣ ገና ቀትር ነው፣ ቀንና ሌሊት ከተገላበጠባት ወዲህ ሰዓት መቁጠር ትታለች።

ደግሞ ለዚህች መኪና ያየችው ፍዳ! ከአገር ቤት ይዛው የመጣችውን መንጃ ፈቃድ የፈቃድ ቢሮው የመስኮት ሠራተኛ አገላብጣ አየችና “ፎቶው ያምራል” ብላ መለሰችላት። እንደ አዲስ ተማረች። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ ፈታኙ “መስታወት አላየሽም” አላት። አይታለች እኮ! በዓይኗ አይታለች። ሰው ሳያውቅብሽ ማየት አይደል እንዴ ጨዋነት፤ አንገቷን እንደ ዶሮ ወዲያ ወዲህ የምታሽከረክር ልጅ እናቷ ዘንድ ቁንጥጫ ትቀምስ ነበር። በሁለተኛው ፈተና አንገቷ እስኪቀጭ አዟዙራ አለፈች። መኪና መሸጫ አዳራሽ ስትገባ ክራባት ያሰረ ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጣት፣ ወንበር ሰጣት፣ ከዚያ “ባለቤትሽ መቼ ይደርሳል?” አላት፤ ውሃውን ጠጥታ ወጣች። ኢንሹራንስ ስትደውል ማሽኑ አንድን ተጫኚ፣ ሁለትን ተጫኚ እያለ ሲያሽከረክራት ቆይቶ በመጨረሻ አንድ የሰው ድምፅ መጣና ስለ መንዳት ታሪኳ ጠየቃት። ከተራው ሜዳ መኪና ስታወጣና ስታስገባ እንዳደገች፣ የጭነት መኪና እንኳ በጠባብ በር ወደ ኋላ እንደምታስገባ በሰው አገር ቋንቋ እየተንተባተበች ነገረችው። “እሱ አይቆጠርም፣” አላት በትሕትና፣ “ታሪክሽ እዚህ ባዶ ነው።” ባዶ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያየውን ነው የነገራት፤ እሷ ግን ስልኩን ዘግታ የሜዳውን አቧራ፣ የአባቷን ነጠላ ጫማ፣ የመጽሐፏን የተቀደደ ሽፋን፣ አንድ በአንድ በዓይነ ኅሊናዋ ስትነካካ አመሸች፣ በእርግጥ እንደነበሩ ለማረጋገጥ ያህል። ያለ ኢንሹራንስ መኪና ከግቢ አይወጣም፣ ያለ መኪና ኢንሹራንስ የለም፣ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት።

እና ያቺ ትንሽ መኪና ተገኘች። አንድ ግለሰብ ከቤቱ የሚሸጣት፣ አቅሟ የምትችላት፣ ለዚህ ሳምንት ብቸኛዋ። ፎቶዋን ስልኳ ላይ ስታይ ውላለች። ትናንት ሄዳ ስታያት ልቧ ዘለለ፤ ንጹሕ፣ ክብ ክብ ያለች፣ እንደ ታዛዥ ልጅ ጥግ ይዛ የቆመች። ሰውየው ረጅም ነው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ “እንደፈለግሽ እያት” አለ። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና ፊቷን አጠቆረች። ዞረቻት። ጎማውን በጫማዋ ነካ አደረገች። “ወንበሯ አርጅቷል” አለች። ሰውየው ዝም። “ቀለሟም አያምርም።” ዝም። ምነው ይሄ ሰው፣ ተራው የሱ አይደለም እንዴ፣ “ያረጀሽስ አንቺ” አይላትም? የሚመልስላት ብታገኝማ እሷም ትስቅ ነበር። ዝምታው አስደነገጣትና ጨመረች፦ “የአሮጊት መኪና ነው የምትመስለው።” ሰውየው እጁን ከኪሱ አወጣ። “አዎ፣ የእናቴ ነበረች፣” አለ፣ “በክረምቱ ነው ያረፈችው። ልክ ነሽ፣ ላንቺ አትሆንም።” ድምፁን እንኳ አላነሳም። የመኪናዋን በር ሰው የተኛበት ክፍል ይመስል ቀስ አድርጎ ዘጋው። እሷ ይቅርታ የሚለውን ቃል በሦስት ቋንቋ ታውቀዋለች፤ በአንዱም አልወጣ አላት። ያኔ ነው እግሯ የሚያውቀውን ያደረገው። ዞረች፣ ቀስ ብላ ሄደች።

ቀስ ብሎ መሄድን ደግሞ ከዚያም በፊት ታውቀዋለች። ከአገሯ የወጣች ቀን ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያው በር መስታወት ነው፣ ሸኚ ከዚያ አያልፍም፣ እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፣ አባቷ ለሰርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ቆሟል። ሻንጣውን ትጎትታለች። ጎማው ይንጫጫል። አንዴ ቆም ብላ የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ትዘጋለች፣ አንዴ ደግሞ ምንም ያልጎደለውን ወረቀት ታያለች። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው መላሹ፣ ያኮረፈን፣ የማያውቀውን ሰው እስከ አስፋልት ድረስ ሮጦ የሚመልሰው አባቷ፣ ከኋላዋ ቆሟል። አንዲት “ኧረ ልጄ!” ብትበቃት። ምን እንዲሆን ነበር? ትቀር ነበር? አታውቅም። ብቻ ትከሻዋ እንዲላላ ፈልጋ ነበር። አልጠራትም። ስትዞር እጁን አነሳ፣ እንደ ማንኛውም ሸኚ። ይህን ነገር ለማንም አልተናገረችም፣ ግን ስልክ ባነሳች ቁጥር ጉሮሮዋ ላይ አለ፣ ለዚህ ይሆናል የምትደውለው የቸገራት ቀን ብቻ የሆነው። እናቷ ሳትነቃ አልቀረችም፦ “አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ስሰማ ምን ሆነች ብዬ ነው የምጀምረው” ብላት ስቃለች፣ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም። ዛሬስ ምን ልትል ነው? ዛሬም የቸገራት ቀን ነው። ጎረቤቷ ወለሉን ጨርሳ የቤት ዕቃ መጎተት ጀመረች። ስልኩ ከትራሷ ሥር ይሞቃል። ደወለች።

“ሄሎ! ማነው? አንቺ ነሽ? በሰላም ነው?” አለ አባቷ፤ ከጀርባው ጥሩንባ፣ የሞተር ጉርምርምታ፣ የወንዶች ሁካታ ይሰማል። ካረጀ፣ ድለላውን ከተወም በኋላ እንደ ሥራ ሰዓቱን አክብሮ ተራው ሄዶ ይቀመጣል። “መላሹ! ልጅህ ናት? አንድ ደህና መኪና ላኪልን በላት!” ይላል አንዱ። “አንተን ብልክላት ይሻላታል፣ እዚያ ቆርቆሮ ይወደዳል!” ይመልሳል አባቷ፤ ሳቁ ይፈነዳል፤ ከዚያ ድምፁ እየራቀ፣ ኮቴው እየተሰማ፣ ጸጥ ወዳለ ቦታ ይሄዳል። “በይ ንገሪኝ።”

ነገረችው። “ጎማውን ነካሽ?” “ነካሁ።” “ፊትሽን አጠቆርሽ?” “አጠቆርኩ።” “ጎበዝ! ምን አልሻት?” “የአሮጊት መኪና ነች አልኩት።” “እሰይ! እሱስ?” “የእናቴ ናት አለኝ፣ አባባ። የሞተችው እናቴ።”

ሩቅ አንድ ሞተር እምቢ እያለ ይነሳል፣ ይጠፋል። “ውይ ልጄን፣” አለ በመጨረሻ። “እኔ እኮ የሰው መኪና ስሰድብ የኖርኩት ባለቤቱ አጠገቤ እየሳቀ ነው። እሱም ይሰድበኛል። ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ግን ስድብ ያው ስድብ ነው፤ ይሄን ሳልነግርሽ ቀረሁ።” “ከዚያ ግራ ሲገባኝ... ቀስ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።” “ጠራሽ?” “አልጠራኝም።” ሊስቅ ጀመረና ተወው። ያ ለዓመታት ጉሮሮዋ ላይ ያለው ነገር እንደ ተላቀቀ ድንጋይ ተንከባለለ፤ ልትይዘው ስትል አፏ ላይ ደረሰ። “አንተስ ለምን አልጠራኸኝም?” “መቼ?” አለ፤ ግን ሲለው ራሱ እንደገባው ከድምፁ አወቀች። “ያን ቀን። ቀስ ብዬ ነበር እኮ የምሄደው፣ አባባ።”

“አይቼሻለሁ፣” አለ። “ዚፑን ስትከፍቺ ስትዘጊ አይቼሻለሁ። የኔ ልጅ ቀስ ብላ ስትሄድ እኔ አላውቅም እንዴ?” ጉሮሮውን ጠረገ። “ስሚኝ። እዚህ ተራ ላይ ሰው ሮጬ የምጠራው ለሰውየው ብዬ መስሎሻል? ለድለላዬ ነው። ሰው የምመልሰው እኔ የማገኘው ነገር ስላለ ነው። አንቺን ብጠራሽ ለማን ብዬ ነው የምጠራሽ? ለራሴ ነው። እናትሽ ኮቴን ከኋላ ይዛ ነበር፣ እንዳልሮጥ። ኪሱ ተተርትሯል፣ እስካሁን አልሰፋችውም።”

ትራሷን ፊቷ ላይ ጫነችው። ማልቀሷን እንዳይሰማ ነው። “ታለቅሻለሽ?” “አላለቅስም።” “አዎ አታልቅሺ። አሁን ተነሺና ወደ ሰውየው ሂጂ።” “እንዴት አድርጌ? ሳይጠራ ተመልሶ የመጣ ገዢ ዋጋ ለመከራከር አፉ የታሰረ ነው ስትል አልነበረም?” “ነበር። እሱ ለነጋዴ ነው። አንቺ የሰው እናት ሰድበሻል፤ ዋጋ ልትጠሪ አይደለም የምትሄጂው። መኪናውን ከሸጠልሽ እሰየው፣ ካልሸጠልሽም በሩን ደህና አድርገሽ ዘግተሽ ትመጫለሽ። ሂጂ፣ በይ።”

በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ወርዳ ሌላ ትይዛለች፣ በመስኮቱ ተመሳሳይ ቤቶች ያልፋሉ፣ ቃላቱን በሰው አገር ቋንቋ ስትደረድር ሰዋስው ይጠፋታል፣ ደግማ ትደረድራለች፣ ያነበበቻቸው መጻሕፍት ሁሉ ዛሬ ለአንዲት ዓረፍተ ነገር አልጠቀሟትም። ጠጠሩ ላይ ስትደርስ ሰውየው መኪናዋን እያጠበ ነበር፣ ባልዲ አጠገቡ፣ እጅጌው ተሰብስቦ። አየት አደረጋትና ስፖንጁን አላስቀመጠም። “ነገ ሌላ ሰው ሊያያት ይመጣል” አለ። ሰላምታው ይኸው ነበር።

“መኪናዋን ብዬ አልመጣሁም፣” አለች፤ ብላ እንኳ ልቧ ነገ የሚመጣውን ሰው ረገመው። “እናትህን... ስለ እናትህ መኪና የተናገርኩት። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ውሸት ነበር።” “የቱ?” “ሁሉም። እኔ ያደግሁት... አባቴ መኪና ሻጭ፣ አይ፣ ሻጭና ገዢ አገናኝ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚገዛውን ነገር ይሰድባል። የወደደውን ነው አብልጦ የሚሰድበው።” ሰውየው አሁን ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። “የወደደውን?” “አዎ።” “የጠላውንስ?” አሰበች። ማንም ጠይቋት አያውቅም። “የጠላውንማ ‘ጥሩ ነው፣ እግዜር ገበያ ይስጥህ’ ብሎ ያልፈዋል።” የሰውየው ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። “እና እናቴን በጣም ነው ያከበርሻት ማለት ነው” አለ። እንደ መሳቅ አደረገው፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ወደ ባልዲው መለሰ። “እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ትመስላለች?”

ይሄ ነበር ከሁሉ የከበዳት። መኪና መስደብ ቀላል ነው፣ መሄድ ቀላል ነው፤ አንድን ነገር ፊት ለፊት ቆሞ ወድጄዋለሁ፣ እፈልገዋለሁ ማለት በሰው ፊት ልብስ የማውለቅ ያህል ሆነባት። ጆሮዋ ጋለ። “ፎቶዋን ስልኬ ላይ ስንት ጊዜ እንዳየሁ” አለች ወደ ጠጠሩ። “ታምራለች። ሰው በደንብ እንደያዛት ታስታውቃለች። ሥራ ቦታዬ ሩቅ ነው፣ እስከ ሰኞ መኪና ከሌለኝ ቦታዬ ይሄዳል፣ ግን እሱም ባይኖር... እወዳታለሁ።” ብላ ጨረሰች፤ ላብ አጠመቃት። ሰውየው እጁን በሱሪው አደረቀና የሾፌሩን በር ከፈተላት። ገባች። እሱ ሲነዳት ጉልበቱ መሪውን እንደሚነካ፣ ወንበሩን ግን ወደ ኋላ ለመግፋት ልቡ እምቢ እንዳለው ነገራት። የእሷ እግር ፔዳሉ ላይ ልክ አረፈ። መስታወቱ ዓይኗ ላይ ልክ መጣ። ምንም አላነሳችም፣ ምንም አላወረደችም። ሰውየው ይህን ቆሞ አየ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፣ ለብዙ ጊዜም አልመለሰውም።

“ዋጋውስ?” አለ በኋላ። የመላሹ ልጅ ዋጋ ስትጠየቅ! “ማስታወቂያው ላይ የጻፍከው ይሁን” አለች።

ኢንሹራንሱን ከእሱ ኩሽና ደወሉ፤ ማሽኑ አንድን ተጫኚ ሁለትን ተጫኚ ሲላት ሰውየው ሻይ አፈላ፣ ታሪኳ ባዶ መሆኑን ሲነግሯት ቅድም ያጫወተችውን ይዞ ከበስተጀርባ “የጭነት መኪና ወደ ኋላ እነዳለሁ በያቸው” አለ። ቀኑ ሊያዘቀዝቅ ሲል ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። ከግቢው ወጥታ መንገድ ዳር አቆመች፣ አባቷ ጋ ደወለች።

“ቆይ ቆይ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ ላድርግሽ፣ ሁሉም እየጠበቀ ነው!” ሁሉም? ሞተሮች ጠፍተዋል፣ የሜዳው ሰው አንድ ስልክ ላይ ሲተነፍስ ይሰማታል። ለካ ነግሯቸዋል። “ገዛሽ?” “ገዛሁ፣ አባባ።” እልልታ የሚመስል ጩኸት፣ ጥሩንባ፣ “ጎማሽ አይተንፍስ!” የሚል ሽማግሌ ድምፅ። ከዚያ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። “አስቀነስሽው ወይ?”

በዚያ ሜዳ ዕድሜ ልኩን የቆመ ሰው ነው። በዙሪያው ቆመው የሚያደምጡት ዕድሜ ልካቸውን አብረውት የቆሙ ናቸው። በሕይወቷ እንዲህ ፈጥና፣ እንዲህ ቀና ብላ የተናገረችበት ቀን አልነበረም። “አስቀነስኩት እንጂ! ሰውየው ራሱ እስኪደነግጥ ድረስ።”

“ሰማችሁ?” ይላል አባቷ፣ “ሰማችሁ አይደል? የማን ልጅ ናት!” ሁካታው ስልኩን ሞላው። ቀስ እያለ ራቀ፤ ማጉያውን አጥፍቶ ወደ ጆሮው እንዳስጠጋው አወቀች፣ ትንፋሹ ቀረበ። ስንት አስቀነስሽ ብሎ አልጠየቃትም። ብቻ፣ “ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው?” አላት።

“ፍሬቻ ነው፣ አባባ። ልወጣ ነበር።”

“መንገዱ ባዶ ነው?”

አንገቷን አዙራ አየች። “ባዶ ነው።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?” አላት። “ሂጂ።”